የእንጀራ እናት ሞተሪኖ

ለሚ አካባቢ ኮምባይነር ያለው ሰው የሚወደደው በዓመት አራት ወር ብቻ ነው። መስከረም ላይ ስንዴው ማሸት ሲጀምር ሰላምታው ይጀምራል። ኅዳር ላይ ሰላምታው ወደ ግብዣ ያድጋል። ታኅሣሥ አልፎ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ያንኑ ሰው ገበያ ላይ ያገኘው ሁሉ «አለህ እንዴ?» ብሎ ያልፈዋል። ወርቅአገኘሁ ይህን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አይቶታል፤ አንድም ቀን ሲከፋው አላየሁም። ሰላምታው ለእሱ ሳይሆን ለዳማ መሆኑን ያውቅ ነበር።

ዳማ ኮምባይነሩ ነው። ሲመጣ ቀይ ነበር፤ ቆይቶ ዝገቱ ከቀለሙ ጋር ተደባልቆ የዳማ ፈረስ መልክ ሲሰጠው አገሬው ይህን ስም አወጣለት። ከባሕር ማዶ ይዞት የመጣው የፋብሪካ ስምም ነበረው፤ ጎኑ ላይ በነጭ ተጽፎ ነበር። ጽሑፉ ተላጠ። ቆይቶ ፋብሪካውም ተላጠ፤ እደርስበታለሁ።

እኔ ቃለ አብ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከአባቴ በወረስኩት ሦስት ጥማድ መሬት ላይ ስንዴ እዘራለሁ። ገበሬው ግን ዛሬም «ባለሙያው» ነው የሚለኝ፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በሹፈት። ይህን የምጽፈው ወርቅአገኘሁን ላሞግስ ብዬ አይደለም። ወርቅአገኘሁ ግትር ነው። እኛን ላሞግስማ ጨርሶ አልጀመርኩትም።

አባቱ ቄስ ነበሩ፤ እሱንም ለዲቁና አስበውት ነበር። እሱ ግን በአሥራ ሰባት ዓመቱ ዳዊቱን ሳይጨርስ ጠፍቶ አርሲ ገባ፤ በደርግ ዘመን ከነበሩት የመንግሥት እርሻዎች በአንዱ ተቀጠረ። መጀመሪያ ከመኪና ሥር ገለባ ይጠርግ ነበር። ሁለት ዓመት ሲጠርግ ቆይቶ አንድ ቀን ኦፕሬተሩ ታመመና እሱን አወጡት። ከዚያ በኋላ ከመኪና ላይ የሚያወርደው ሰው አልተገኘም። እርሻው ፈርሶ ንብረቱ ለጨረታ ሲቀርብ ያለውን የሌለውን አሟጦ ያንን መኪና ገዛው። ከአርሲ ለሚ ድረስ ዘጠኝ ቀን ነዳው፤ ማታ ማታ ሥሩ እየተኛ። ለሚ የደረሰው በገበያ ቀን ነው። አህዮች ጭነታቸውን ጥለው ፈረጠጡ፣ አንዲት አሮጊት «ስምንተኛው ሺህ ገባ!» ብለው አማተቡ። ወርቅአገኘሁ ያን ቀን ከመቀመጫው ሆኖ ሲስቅ የነበረውን ሳቅ እስከ ዛሬ የሚያስመስሉ ሰዎች አሉ።

ሚስቱ ብዙነሽ ዳማን «ጣውንቴ» ትለው ነበር። ለመኪናው ቆርቆሮ የለበሰ መጠለያ ሲሠራ የራሱ ቤት ገና ሣር ነበረ። ብዙነሽ በሞተች በአራተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ገና ከድንኳኑ ሳይወጣ፣ ዳማ ላይ ወጥቶ አየነው። አንዳንዱ አማው። ስንዴው ደርሶ የነበረው ሰው ግን አላማውም፤ ልጓሙን ይዞ እንደሚመራ ሰው ከፊት ከፊቱ እየሄደ ማሳውን አሳየው። እኔ ካላሙት ወገን ነበርኩ።

ገበሬው ዳማን የወደደው በእህሉ እንዳይመስላችሁ፤ በጭዱ ነው። አዲሶቹ መኪናዎች ስንዴውን ከፍ አድርገው ያጭዱና ጭዱን ከትፈው ወደ ኋላ ይበትኑታል፤ ነፋስ ይወስደዋል። ዳማ ግን ዝቅ ብሎ ያጭዳል፣ ጭዱንም ሳይከትፍ ከኋላው እያጋደመ ይሄዳል፤ ሰብስቦ መከመር ብቻ ነው። ክረምቱን በሬ በምን እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ከስድስት ዓመት በፊት ደብረ ብርሃን ላይ ስብሰባ ተጠራ። የአዳዲስ መኪና አስመጪዎች ወኪል ሠረቀብርሃን የሚባል ሰው፣ ሱፍ ለብሶ፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ አስረዳን። ዳማን የሠራው ፋብሪካ በሌላ ፋብሪካ ተገዝቷል፣ ሁለቱ ደግሞ ከሦስተኛ ጋር ተዋሕደዋል፤ የቀዩ መኪና ስም ተሰርዟል፣ ከእንግዲህ የሚሠራው አረንጓዴው ብቻ ነው አለ። «መለዋወጫው አይመረትም። አበቃ። እናንተ አሁን የያዛችሁት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው» አለን።

ከኋላ ቄስ ገብረአብ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ፋብሪካዋ ባል አገባች ማለትህ ነው?»

«እንደዚያ በሉት፣ አባ።»

«እኛ አገር ሴት ልጅ ብታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። የናንተዋ ምን ሆና ጣለች?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ያኔ ገና ሥራ ላይ ስለነበርኩ ከሠረቀብርሃን ጎን ተቀምጬ «አዲሱን ተጠቀሙ» እያልኩ አብሬ ሳስተምር ነበር፤ ሳቄን አፍኜ ያዝኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ዳማን መውደድ ሃይማኖት ሆነ። በዓመቱ የገበሬዎቹ ዩኒየን አረንጓዴውን በኪራይ አመጣ። በእርግጥ ፈጣን ነበር። ጭዱን ግን በትኖ ለጀማ ሸለቆ ሰጠብንና በክረምቱ በሬዎቻችን አጥንታቸው ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ሁላችንም፣ እኔን ጨምሮ፣ ወርቅአገኘሁ ደጅ ቆመን ነበር። «ምነው ባለሙያው፣ አዲሱን አትጠቀምም?» ብሎ በሰው ፊት አሾፈብኝ። ይገባኝ ነበር።

የሠረቀብርሃን ቃል ግን ውሸት አልነበረም። መለዋወጫው ጠፋ። ኩሽኔታውን ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት እያስቀረጸ፣ ቺንጋውን ከወፍጮ ቤት እየለመነ ጥቂት ዓመት ገፋ። ከዚያ ሁለት ነገር ተሰበረ፤ ታሪኩ ያለው እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሞተሩ እየሠራ የፊቱን ማጨጃ ብቻ የሚያቆመው እጀታ ነው። የሚተካው አልተገኘም። ወርቅአገኘሁ በሽቦ ጠፈረው፤ ከዚያ ወዲህ ሞተሩ እስካለ ድረስ ማጨጃውም፣ እህሉን ወደ ውስጥ የሚስበው ጠምዛዛ ብረትም አብረው ይዞራሉ። ለማቆም ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሞተሩን ማጥፋት።

ሁለተኛው ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ነው። እሱ ሲሞት ሞተሩ በራሱ መነሣት ተወ። ስለዚህ ማታ ማታ ዳማን ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው ተረተር ላይ ያቆሙታል፤ አካባቢው ሁሉ ሜዳ ስለሆነ ያለን ቁልቁለት እሱ ብቻ ነው። ጠዋት አሥር ሰው ሆነን እንገፋዋለን፤ ሲንደረደር ማርሽ ያስገባል፣ ተንተፋትፎ ይነሣል። ቀን ሜዳ ላይ ከጠፋ ግን የሚጎትተው ትራክተር እስኪመጣ ሁለትም ሦስትም ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ሕግ ወጣ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሞተሩ አይጠፋም። ምሳ ሲበላ አይጠፋም፣ ናፍጣ ሲቀዳ አይጠፋም። ማጨጃው በእርጥብ አረም ሲታነቅም አይጠፋም፤ ወርቅአገኘሁ አንድ ሰው መቀመጫው ላይ አስቀምጦ ይወርድና በብረት ሜንጦ አረሙን ጎትቶ ያወጣል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራን። ሦስት ዓመት ምንም ስላልሆነ ትክክል መሰለን።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሠረቀብርሃን እንደገና መጣ። ጭዱን የማይበትን አዲስ አረንጓዴ አለ፣ ለከርሞ እንዲመጣላችሁ ከፈለጋችሁ እስከ ታኅሣሥ ፈርሙ አለ። ገበሬው ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ መከረ። እኔም ነበርኩ። ያለፈው ዓመት የኅዳር ዝናብ የታጨደውንም ያልታጨደውንም አበስብሶብን ስለነበር ሁሉም ፈርቷል። በመጨረሻ ለወርቅአገኘሁ ቃላችንን ነገርነው፤ ዳማ ይህን አዝመራ ሳይቆም ከጨረሰ ለከርሞም ከእሱ ጋር ነን፤ አንድ ቀን ከቆመ ግን እንፈርማለን። ሃያ ሰባት ዓመት ሰላም ያልነው ሰው መሆኑን ረስተን ነበር።

«አይቆምም» አለ።

ልጁ ፍሬሕይወት ይህን የሰማችው ደብረ ብርሃን ሆና ነው። እዚያ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ናት፤ እጇ ከአባቷ አይተናነስም፣ ጭንቅላቷ ግን ይበልጣል። ኅዳር አሥራ ሰባት ቀን፣ በሚኒባስ፣ አንድ ባትሪና በጨርቅ የተጠቀለለ ሞተሪኖ ይዛ መጣች። ሞተሪኖውን ያገኘችው ከተገለበጠ አረንጓዴ መኪና ነው። ማሰሪያው ከዳማ ጋር ስለማይገጥም ቶርኖ ቤት ወስዳ አስተካክላዋለች። እኔ ስደርስ ዳማ ለማታው ተረተሩ ላይ ቆሟል፤ አባትና ልጅ አጠገቡ ይከራከራሉ።

«ይሄ የማን ዕቃ ነው?» ይላታል።

«ያው የፋብሪካው ነው፣ አባዬ። አሁን አንድ ሆነዋል እኮ።»

«የእንጀራ እናት ዕቃ ነዋ! ዳማ ከዚህ ዘር አይደለም። የሰው አካል ሰክተሽበት ሊነሣልሽ ነው?»

«ብረት ዘር የለውም። አንዴ ሞክረው።»

«በአዝመራ መሀል ሙከራ የለም። ያለውንም ያበላሽብኛል።»

እሷ ግን መፍቻዋን አንሥታ እራሷ ሥሩ ገባች። ሌሊቱ ሳይጋመስ አጥብቃ ጨረሰች፤ ባትሪውንም አሰረች። ለመሞከር ስትነሣ አባቷ ናፍጣው ከታንከሩ ወጥቷል አላት፤ አልወጣም ነበር፣ እኔ አውቃለሁ። በማግሥቱ ሥራ ስለነበረባት በሌሊት መሄድ ነበረባት። ስትሰናበተው እጁን ይዛ «ነገ ጠዋት፣ ከመገፋቱ በፊት፣ ቁልፉን አንዴ ብቻ ተጫነው። ከተነሣ ቀኑን ሙሉ እንደልብህ ታጠፋዋለህ። ሜንጦ ይዘህ ከሚዞር ብረት ሥር መግባትህ ይቀራል» አለችው።

«እሺ፣ እማዬ።»

በማግሥቱ ጠዋት ተረተሩ ላይ ከገፊዎቹ አንዱ ነበርኩ። የሞተሪኖው መጫኛ ቁልፍ ከመሪው አጠገብ አዲስ ጥቁር ሆኖ ይታየኛል። «እስቲ ተጫነው» ማለት እችል ነበር፤ ሁለት ቃል ነው። እኔ ያልኩት ግን «ልጅህ ከተማ ገብታ መካኒክ ሆነችልህ!» ነው። እሱም «ለዳማ እንጀራ እናት አመጣችለት» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ገፋነው፤ ተነሣ። በአሥራ ዘጠኝም ገፋነው። በሃያም ገፋነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ደግሞ ሞኝም ወረቀትም ሆነን ነበር።

ኅዳር ሃያ ተራው የእኔ ማሳ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ የቄስ ገብረአብ። ነገ ጽዮን ማርያም ናት፤ ማንም እህል አይነካም። ከነገ ወዲያ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ከጀማ በኩል ደመና ይጠቁር ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ማሳዎች ዛሬ ማለቅ አለባቸው። ከወርቅአገኘሁ ሌላ አሥራ አንድ ወንዶች ነበርን። ማዳበሪያ የሚይዘው ይይዛል፣ ጭድ የሚሰበስበው ይሰበስባል፣ ሁሉም በየመሀሉ ቀና እያለ ሰማዩን ያያል።

ስንዴዬ መሀል ሙጃ ነበረበት። ለሠላሳ አንድ ዓመት ገበሬን «አርሙ» እያልኩ የኖርኩ ሰውዬ የራሴን ማሳ ሁለተኛውን አረም አላረምኩም፤ ወገቤን ያመኝ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ዳማ ያን እርጥብ ሙጃ ጎርሶ ታነቀ። ወርቅአገኘሁ ሞተሩን ሳያጠፋ አቆመውና ጠራኝ።

«ባለሙያው! ና ውጣ። ነዳጁን ያዝልኝ፤ እንዳይጠፋ።»

ወጣሁ። እግሬን ነዳጅ መስጫው ላይ አደረግሁ። የማጥፊያው ገመድ በቀኝ እጄ በኩል ነው፤ ጫፉ ላይ ቀይ መያዣ አለው፤ አንዴ ቢሳብ ሞተሩ ወዲያው ይሞታል። ይህን የምናገረው አውቀው እንደነበረ እንድታውቁት ነው።

ወርቅአገኘሁ ወረደ። ሜንጦው በግራ በኩል ታስሮ ነበር፤ ዞሮ ለማምጣት ሠላሳ እርምጃ ነው። ሰማዩን አየ፣ ሜንጦውን ተወና በእጁ ጀመረ። አንድ እፍኝ አወጣ። ሁለተኛ አወጣ። በሦስተኛው ጮኸ።

ከላይ ሆኜ አየሁት። ቀኝ እጁ ጠምዛዛው ብረት ጋ ገብቷል። እጄ ማጥፊያው ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና፦

«አታጥፋው!» አለኝ።

አላጠፋሁም።

ሰው ሲጠይቀኝ «እሱ ራሱ አታጥፋ አለ» እላለሁ። እውነት ነው፣ ብሏል። ነገር ግን እጁ እየተበላ ያለ ሰው የሚለውን የሚሰማ ማን ነው? እኔ እሱን አልሰማሁም። ደመናውን ነው ያየሁት። ከዚያ ያልታጨደውን ግማሽ ማሳዬን አየሁ። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ የንስሐ አባቴ ቄስ ገብረአብ ናቸው፣ እሳቸውም ከማሳው ዳር ቆመው «ባለቤቱ አይሆንም ካለ አይሆንም! በዘዴ አውጡት!» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከአሥሩ ሰው አንድም «አጥፋው» ያለኝ የለም። ገብረአማኑኤል የሚባል፣ ጎረምሳ ሳይሆን የአምስት ልጆች አባት የሆነ ደግ ሰው፣ የሞፈር ቁራጭ አምጥቶ ብረቱ መሀል ሸጎረ። ብረቱ ሰበረው። ሌላ አመጣ። ቺንጋው መጨስ ጀመረ። ወርቅአገኘሁ መጮሁን ትቶ «እንዳይጠፋ... እንዳይጠፋ...» ይል ነበር፤ ያንንም ከዚያ ተወው። በሦስተኛው ሞፈር ብረቱ ሲያመነታ ከወገቡ ይዘው ጎትተው አወጡት። ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ሰዓቴን አይቻለሁ። ክንዱ ከክርኑ በታች ክንድ አልነበረም።

በነጠላ አሰርነው። በመንገድ ላይ ያገኙትን የሽንኩርት ፒካፕ ለምነው ሁለት ሰዎች ይዘውት ሄዱ። ዘጠኛችን ቀረን። ቆመን ተያየን። ሞተሩ ይሠራል።

«እንግዲህ እሱም ለዚሁ ብሎ ነው» አሉ ቄስ ገብረአብ።

ገብረአማኑኤል በጀሪካን ውሃ አምጥቶ ማጨጃውን አጠበው። ከዚያ መቀመጫው ላይ ወጣ፤ ወርቅአገኘሁ ሲነዳ እያየ ለምዶታል። የእኔን ማሳ ጨረስን። የቄሱንም ጨረስን። ሲጨልም ዳማን ወስደን ተረተሩ ላይ አቆምነውና ማጥፊያውን ሳብን። ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ነው ገብረአማኑኤል ቁጭ ብሎ ያለቀሰው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዝናቡም አልመጣም። ደመናው ሌሊቱን በጀማ በኩል አልፎ ሄደ። ጽዮን ማርያም ጥርት ባለ ፀሐይ ዋለች፤ ጠብ አላለም። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም ጠብ አላለም።

ደብረ ብርሃን ላይ ክንዱን ከክርኑ በላይ ቆረጡት። ሐኪሟ ለፍሬሕይወት የነገረቻትን ቆይቶ ነው የሰማሁት፤ መጀመሪያ የተያዙት ሁለት ጣቶች ናቸው፣ የቀረው እየተጎተተ የገባ ነው፣ ብረቱ ወዲያው ቢቆም ኖሮ የሚያጣው ሁለቱን ጣት ነበር።

ኅዳር ሃያ ሁለት ጠዋት፣ ተረተሩ ላይ ዳማን ልንገፋ ተሰብስበን ሳለ፣ ፍሬሕይወት መጣች። የአባቷን ጋቢና መታወቂያ ለመውሰድ ነው የመጣችው። የፋብሪካ ልብሷን እንደለበሰች ነበር፤ እጅጌዋ ላይ የደረቀ ደም አለ። ሁሉም ተራ በተራ «እግዜር ይማረው» አላት። «አሜን» አለች፣ ለእያንዳንዱ።

ከዚያ ጠየቀች። «ሞተሪኖውን ሞከራችሁት?»

ሁላችንም ወደ አዲሱ ቁልፍ ዞርን።

«አባዬስ? ሞክሮት ነበር?»

«አልሞከረም» አልኳት።

በከተማ ጫማዋ መሰላሉን ወጣች። ተቀመጠች፣ ማርሹን አየች፣ ተጫነችው።

ዳማ አንዴ ሳል አለና ተነሣ። ሳይገፋ፣ በቆመበት።

ማጥፊያውን ሳበችው፤ ሞተ። ተጫነች፤ ተነሣ። ሳበች፤ ሞተ። ሦስተኛ ጊዜ ተጫነች፤ ተነሣ። ከበታቿ ቆመን እንደ ተማሪ አንጋጠን እናያለን። ከኋላዬ አንዱ «እሰይ! መግፋቱ ቀረልን!» አለ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስሙን አልጽፍም፤ እኔም ልቤ ውስጥ ያንኑ ብዬ ነበር።

ፍሬሕይወት ቀዩን መያዣ በጣቷ ነካ አደረገችው። «ጋሽ ቃለ አብ፣ ማጥፊያው የቱ እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አባዬ የተያዘው የማን ማሳ ላይ ነበር?»

«የእኔ ማሳ ላይ።»

ወረደች። ሞተሩን አላጠፋችውም። «ሕጋችሁ ነው አይደል፣ አይጠፋም» አለችና ጋቢውን ይዛ ወደ መንገዱ ሄደች። በዓይናችን ሦስት ጊዜ ሲነሣ ያየን ሰዎች ያን ዕለት እስኪመሽ አላጠፋነውም። ፈራን።

ከማግሥቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በሞተሪኖው እያስነሣን፣ ገብረአማኑኤል እየነዳ፣ አዝመራው በታኅሣሥ መጀመሪያ አለቀ። ዳማ አንድም ቀን አልቆመም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሠረቀብርሃን ወረቀቱን ይዞ ዋርካው ሥር መጣ። ቃላችን ዳማ ካልቆመ አንፈርምም የሚል ነበር። ግን አንድ ክንድ ያለው ሰው ለከርሞ እንዴት ይነዳል? ገብረአማኑኤልም ዳግመኛ እዚያ መቀመጫ ላይ አልወጣም ብሏል። ቄስ ገብረአብ ቀድመው ፈረሙ። እኔ አራተኛ ነኝ።

ሰኞ ብርቱካን ገዝቼ ሆስፒታል ሄድኩ። ወርቅአገኘሁ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ አንሷል። ፍሬሕይወት አጠገቡ ሆና ምሳ ታጎርሰዋለች፤ ግራ እጁ ገና አልለመደለትም። ሲያየኝ ስለ ክንዱ አላወራም።

«አዝመራው አለቀ?»

«አለቀ።»

«ቆሞ ነበር?»

«አንድም ቀን አልቆመም» አልኩት። እውነቴን ነው።

ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያ ለከርሞም ዳማ ነው።»

ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመርኩ።

«እኔ ሳልኖር ጠዋት ጠዋት በምን አስነሣችሁት?»

የፍሬሕይወት እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። እኔ ሳላስብበት «ከተረተሩ ገፍተን» አልኩ።

ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ያንን የለሚ ገበያ ሳቁን። ወደ ልጁ ዞረ። «አላልኩሽም? የእንጀራ እናት ዕቃ ዳማን አያስነሣውም።»

ፍሬሕይወት ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እንጀራውን በወጡ ጠቅልላ ወደ አፉ አቀረበችው።

«ልክ ነህ፣ አባዬ» አለችው። «በል ጉረስ።»